ታኒን ፍለጋ ወደ ገዳሪፍ

ጎንደር ውስጥ ሠርግ ደግሶ ሞንታርቦ የተከራየ ሰው ምናልባት ያውቀኛል። ሙሽሮቹ ሲገቡ እንግዳው ሁሉ ወደ እነሱ ሲያይ፣ መሬት ተንበርክኮ ኬብል የሚነካካው፣ "ማይኩ አይሰማም እኮ!" እየተባለ የሚሰደበው ሰውዬ እኔ ነኝ። ደሳለኝ እባላለሁ። ቅዳሜና እሑድ ጆሮዬ በእስክስታ ሲደነቁር ይውላል። ቤቴ ስገባ ግን የምሰማው ኦፔራ ነው። አትሳቁ።

አንድ ደንበኛ ሱቄ ውስጥ ፍላሹን ጥሎ ሄደ። ይመለሳል ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ የውኃ ሽታ ሆነ። ምን እንዳለበት ልየው ብዬ ሰካሁት። እዚያ ላይ ያገኘኋት አቀናባሪ ሱዳናዊት ናት፤ የምትኖረው ባሕር ማዶ ነው። ስሟን ብነግራችሁም አታውቋትም። ባለቤቴ ብርቱካን "ሴትዮህ" ነው የምትላት። ኦፔራ ማለት ተዋንያኑ ነገራቸውን ሁሉ በዜማ የሚናገሩበት ቲያትር ነው። የሴትዮዬ ኦፔራ ግን ቁጥብ ነው። ሁለት ድምፅ ይዛ ትነሳለች፤ እነሱኑ ትደጋግማለች፤ ምንም የተለወጠ የለም ስትሉ ሳታውቁት ሌላ ቦታ ደርሳችሁ ትገኛላችሁ። ብርቱካን መጀመሪያ የሰማችው ቀን "ይሄ ነገር ነው የተበላሸው ወይስ አንተ?" አለችኝ።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው አንድ ሥራዋ አለ። መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ መሣሪያ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ተስፋ ቆርጦ ያጠፋዋል። የታገሠ ግን ከሩቅ አንዲት ቀጭን የልጅ ድምፅ ይሰማል፤ "ታ... ታ... ታ..." ትላለች። ከዚያ ወንዱም ሴቱም በአንድ አፍ "ታኒ!" ይላል። ቃሉ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። እኔም በራሴ ደመደምኩ፦ ታኒ የጠፋች ልጅ ናት፣ ወገኖቿ ይጠሯታል፣ እሷም ከሩቅ ልትመልስላቸው ትሞክራለች። አልቅሼበታለሁ፣ እውነቴን ነው። ልጃችን ስትወለድም ታኒ አልኳት። ብርቱካን አጭር ነው፣ ያምራል ብላ ተቀበለችኝ።

ልጅቱ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ መምህሯ ተማሪዎቹን እያስነሳች የስማቸውን ትርጉም ጠየቀቻቸው። በረከቱም፣ ሰላማዊቷም፣ ድል አድራጊውም ተናግሮ ተቀመጠ። የኔዋ ዝም ብላ ቆመች። አንዱ ከኋላ "ታኒካ!" አለ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ታኒካ ሆነች፤ ዘይት የሚቀዳባት ቆርቆሮ። ቤት መጥታ አለቀሰችና ፍርዷን ተናገረች፦ "ወይ ትርጉሙን አምጣልኝ፣ ወይ ሜሮን በሉኝ።"

የጎንደሯ አዲስ ዓለም ልጅ የሆኑትና ገዳሪፍ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሰይድ፣ የወንድማቸው ልጅ ሠርግ ላይ ሞንታርቦ ሳቆም፣ ሴትዮዬ የገዳሪፍ ተወላጅ መሆኗን ነግረውኝ ነበር። "እናቷ ሐጃ አምና ከሱቄ ጀርባ ነው የምትኖረው፤ ና አገናኝሃለሁ" ብለውኛል። እንዲህ ያለው ነገር በስልክ የሚጠየቅ አልመሰለኝም። ብርቱካን "ሰበብ አገኘህ!" አለችና ዳቦ ቆሎ ቆላችልኝ። ይህ የሆነው ሱዳን ጦርነት ከመግባቷ በፊት በነበረው የመጨረሻ የሰሊጥ አጨዳ ነው። አሁን በዚያ መንገድ ማን ይሄዳል? ስለዚህ እኔ እንዳየሁት ልንገራችሁ።

ሰኞ

ከአዘዞ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ እስከ አይከል ድረስ ጃኬቴን አላስወለቀኝም። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሙቀቱ ደግሞ ወደ ላይ ይመጣል። ገንዳ ውሃ ስንደርስ ጃኬቱን ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌ ላቤን እጠርግ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው የአርማጭሆ ሰው ለሰሊጥ አጨዳ የሚሄድ ነው። አየት አደረገኝና "ለሱዳን ብርድ ነው የያዝኸው?" አለኝ።

መተማ የተኛሁት ግቢ ውስጥ ነው። አልጋ ጠየቅሁ፤ ሴትዮዋ አልጋውን ተሸክማ አውጥታ ከሰማይ በታች አኖረችልኝ። እኛ አገር ሰው ደጅ የሚያድረው ሚስቱ ስታባርረው ነው። እዚህ ግን ቤት ውስጥ የሚተኛ እብድ ነው። አጠገቤ አንድ ሹፌር ያንኮራፋል። ጆሮዬ የተበላሸ ነውና ማንኮራፋቱ እንደ ሴትዮዬ ሙዚቃ ሆኖ ተሰማኝ፤ ተመሳሳይ ይመስላል እንጂ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይለወጣል። እያዳመጥኩ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ድንበሩ አጭር ድልድይ ነው። ወዲህ መተማ፣ ወዲያ ገላባት። ፓስፖርቴ ያለ ችግር አለፈ። የተያዘችው ትንሿ ስፒከሬ ናት። መኮንኑ አገላብጦ አያትና ክፈታት የሚል ምልክት ሰጠኝ። ከፈትኩለት። እንደ አጋጣሚ መጀመሪያው ነው፣ ያ ሁለት ድምፅ ብቻ ያለው። ሰማ። ጠበቀ። ጓደኛውን ጠራው፤ እሱም ሰማ። ከዚያ መኮንኑ ከልቡ አዝኖ "ኸርባን?" አለኝ። ኸርባን ማለት "ተበላሽቷል?" ማለት እንደሆነ ኋላ ነው ያወቅሁት። እኔ "ጥሩ ነው?" ያለኝ መስሎኝ በደስታ "ኸርባን! ኸርባን!" አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ የተበላሸ ዕቃ ይዤ እንድሄድ አሰናበተኝ።

የገዳሪፉ አውቶቡስ ሞልቶ ቆሟል። ረዳቱ ግን በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ዋሂድ ታኒ! ዋሂድ ታኒ!" እያለ ይጮኻል። የልጄን ስም! ዋሂድ ታኒ የሚባል መንገደኛ ጠፍቶባቸው እየጠበቁት ነው አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ዘንቢል የያዙ ወፍራም ሴትዮ እየተነፈሱ ገቡ፤ ረዳቱም ጩኸቱን አቆመ፤ ሄድን። ለካ ዋሂድ ታኒ ሴት ናት! መንገዱን ሙሉ እኚያን ሴትዮ በአክብሮት ሳያቸው ዋልኩ። አንድ ጊዜ ዳቦ ቆሎ ዘግኜ ሰጠኋቸው። ዘንቢላቸውን ከፍተው ተምር ሰጡኝ፤ እጅ ነሳሁ። ምን እንደሚያስቡ አላህ ይወቅ።

አገሩ ሜዳ ነው። ጎንደር ላይ የትም ብትዞሩ ዓይናችሁ ተራራ ላይ ያርፋል፤ እዚህ ዓይን ሄዶ ሄዶ የሚያርፍበት ያጣል። የሰሊጥ ነዶ በየማሳው ተደግፎ ቆሟል። ገዳሪፍ ስንደርስ ባጃጁን ራክሻ ይሉታል፤ ሹፌሮቹ ግን ያው የኛዎቹ ናቸው፣ ያለ ጥሩምባ መንዳት አይችሉም።

ሐጂ ሰይድ ነጭ ጀላቢያ ለብሰው ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ተቀበሉኝ። "አዲስ ዓለም እንዴት ናት? ያ ምንጭ አሁንም አለ? ዝናቡ እንዴት ነው?" አፍ አላስከፈቱኝም። ማታ ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ ማዕድ ሲያቀርቡ እኔ በልቤ ስለ ሥጋው ተጨንቄያለሁ፤ እምቢ ማለት ነውር፣ መብላት ደግሞ ለኔ አይሆንም። እትዬ ከድጃ ፊቴን እንኳን ሳያዩ "ላንተ ዓሣ ነው የሠራሁት። ዓሣ የእስላም የክርስቲያን የለው፣ ብላ!" አሉ። እንዴት እንደወደድኳቸው! ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው የእንጀራ ታናሽ እህት ነው፤ ከስስነቱ የተነሳ እጄ ላይ እየተቀደደ ወጡን ሸሚዜ ጠጣው።

ሱዳን ተወልዳ ያደገችው ልጃቸው ሐያት ጭልፋውን ይዛ መጣችና ፈገግ ብላ "ታኒ?" አለችኝ።

ብድግ አልኩ። "ስምሽ ታኒ ነው እንዴ? የኔም ልጅ እኮ!"

ሐያት ወደ አባቷ ዞረች። "ላ ላ ላ! ያባ፣ ታኒን በአማርኛ ምንድን ነው የምትሉት?"

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንደገና። ድጋሚ። ልድገምህ ወይ፣ ልጨምርልህ ወይ ማለቷ ነው።"

"የልጅህ ስም ነው ያልከው?" አሉ እትዬ ከድጃ ቀስ ብለው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐያት ጭልፋውን ይዛ መሬት ቁጭ አለች። ዋሂድ ታኒን ስነግራቸው ደግሞ ሐጂ እንባቸውን በጀላቢያቸው እየጠረጉ "አንድ ተጨማሪ ሰው! አንድ ሰው ቀረን ነው የሚለው!" አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን ልጄ ትዝ አለችኝ። ያቺ ልጅ መስኮት ላይ ሆና እየጠበቀችኝ፣ ምን ይዤላት ልገባ ነው? ልጄን ድጋሚ ብዬ ሰየምኳት፣ ክፍል የወደቀ ደጋሚ ተማሪ ይመስል! ከዚህ ታኒካ አይሻልም?

መጀመሪያ ሳቃቸውን ያቆሙት እትዬ ከድጃ ናቸው። "ቆይ፣ ሐጃ አምናን ገና አልጠየቅሃትም። ምናልባት በዘፈኑ ውስጥ ሰው ትሆን ይሆናል፤ ምን ይታወቃል?" አሉኝ። እኔም ይቺን ተስፋ ይዤ ተኛሁ።

ረቡዕ

የሐጃ አምና ቤት ተቆልፏል። ጎረቤቷ ሾዋክ ሄዳለች አለችን፤ የእህቷ ልጅ ወልዳ በሰባተኛው ቀን ለሕፃኑ ስም ይወጣለታል። ሲማያ ይሉታል፤ በግ ይታረዳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል። ሐጂ "ነገ እንሄዳለን፤ ዛሬ ገበያ እይ" አሉኝ።

ገበያ አየሁ ልበል? ጆሮዬ አላስችል አለኝ። ሻይ የምታፈላው ሴት "ታኒ?" ትለኛለች። ሽንኩርት ሻጩ "ታኒ!" ይላል። ከተማው በሙሉ ልጄን እየጠራ መሰለኝ፤ በእያንዳንዷ ታኒ እየተሸማቀቅሁ ዋልኩ። ጾም ስለሆነ በሰሊጥ ዘይት የራሰ ፉል በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ ግን ላዩ ላይ ያለውን ቀይ ነገር ቲማቲም መስሎኝ በማንኪያ ሙሉ ብዛቅ ሻጣ የሚሉት በርበሬ ሆኖ ተገኘ። በርበሬ የእኛ ነው ብሎ የሚኩራራ ጎንደሬ ይምጣና ይቅመሰው። ባለ ፉሉ ውኃ ይዞ ሮጦ መጣ፣ ዳቦ አጎረሰኝ፣ ቢደረግ ቢደረግ ሒሳብ አልቀበልም አለ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጫማዬ ሶል በሙቀቱ ተላቆ ምላሱን አወጣ። ሐጂ የራሳቸውን መርኩብ፣ ያን የሱዳን የቆዳ ጫማ፣ አመጡልኝ። ሁለት ቁጥር ይበልጠኛል። "ወደ ፊት ስትሄድ ጫማው ይከተልሃል፣ አትቸኩል" አሉኝ።

ሐሙስ

ሾዋክ የመንገዶች መገናኛ ናት። አንዱ አውቶቡስ ለካሳላ ይጮኻል፣ አንዱ ለገዳሪፍ። ገበያው ውስጥ በአቅራቢያዋ ካሉት የስደተኛ ካምፖች ለሸመታ የመጡ ሰዎች በትግርኛ ይከራከራሉ። አንዲት ሴት ጫማዬ ሲንጓጓ ሰምታ "አይዞህ ወንድሜ፣ ጨርቅ ክተትበት" ብላ በአማርኛ መከረችኝና ከሸመተችበት ጥቅል ቁራጭ ጨርቅ ቀዳ ሰጠችኝ። ጥሩ ምክር ነበር።

የሲማያው ቤት በሰው ተጨናንቋል። ለኔ፣ ሐጂ አስቀድመው ተናግረው ኖሮ፣ እንቁላል ለብቻው ቀረበልኝ። ሐጃ አምና ረጅም ሴት ናቸው፤ ሰማያዊ ቶብ ተከናንበው ሕፃኑን አቅፈዋል። ሐጂ እያስተረጎሙ ማን እንደሆንኩ ነገሯቸው። የልጃቸውን ኦፔራ ሌት ተቀን የሚሰማ ጎንደሬ አለ ሲባሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ኩራት ሳይሆን አዘኔታ ነው።

"ታኒ የሚለውን ሰምተውታል?" አልኩ።

ሐጂ መልሳቸውን ተረጎሙልኝ፦ "ልካልኛለች። መጀመሪያውን ሰማሁት፤ ሁለት ድምፅ ብቻ ሲሆንብኝ ስልኩ ተበላሸ ብዬ ተውኩት። ለልጄ ግን ደስ ይላል አልኳት። ምን ልበላት?"

በዚህ ጊዜ ነገሬ ሁሉ ተረሳኝ። የራሷ እናት ድምፁ እስኪመጣ አልታገሡም! ስፒከሬን አውጥቼ ምንጣፉ ላይ አኖርኳት። "ሐጂ፣ ይንገሩልኝ፤ አንድ ጊዜ፣ ለኔ ሲሉ፣ እስኪመጣ ድረስ ይጠብቁ።"

ጀመረ። ሁለቱ ድምፆች ይመላለሳሉ። ሴቶቹ ተጠቃቀሱ። አንዷ "ኸርባን" አለች፤ አሁን ቃሉን አውቀዋለሁ፣ "ኸርባን አይደለም!" አልኳት በአማርኛ። ሐጂ ሰዓታቸውን አዩ። ሐጃ አምና ግን እንግዳ ላለማሳፈር ብለው ሕፃኑን እያወዛወዙ ተቀምጠዋል። ቆይተው ቆይተው ማወዛወዛቸው ከሙዚቃው ጋር ገጠመ፤ እሳቸው አላወቁትም፤ እኔ ግን አየሁ።

ከዚያ ያቺ ቀጭን ድምፅ መጣች። "ታ... ታ... ታ..."

ሐጃ አምና ደርቀው ቀሩ።

"ታኒ!" አለ መዘምራኑ ሁሉ።

የቶባቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። እንባቸው ሕፃኑ ላይ ወረደ። አንዷ ሴት ሕፃኑን ተቀበለቻቸው። ሐጃ አምና ሙዚቃው ሲያልቅ ዝግ ብለው መናገር ጀመሩ፤ ሐጂም ተረጎሙልኝ።

"ልጄ ትንተባተብ ነበር። ምላሷ ይያዝባታል። ከሁሉም የሚያስቸግራት ‘ታዓሊ’ የሚለው ነው፤ ነዪ ማለት። እኔን ልትጠራኝ ስትፈልግ ታ፣ ታ፣ ታ ብላ ትቀራለች። ልጆቹ ይስቁባታል። ትልልቆቹ ደግሞ ያሳዝናቸውና ቃሉን እነሱ ይጨርሱላታል። እኔ ማንም እንዳይጨርስላት ከለከልኩ። ሥራዬን ትቼ ፊት ለፊቷ እቀመጥና ‘ታኒ’ እላታለሁ። እንደገና በዪው። ቸኩዪ አይደለም። ብትፈልጊ እስኪመሽ፣ እኔ የትም አልሄድም ማለቴ ነው። ታኒ፣ ታኒ፣ ታኒ። አሁን ይኸው ባሕር ማዶ ሆና ነዪ ትለኛለች።"

እኔ ስለ ጠፋች ልጅ ነበር የማለቅሰው። የጠፋ ሰው የለም። የምትጠብቅ እናት ናት ያለችው። በቃ እዚያው እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሐጂም አነቡ፤ ሱዳናዊቷ ወላድም ከአልጋዋ ላይ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አነባች።

ሐጃ አምና እንደተረጋጉ ልጄ ስሟ ታኒ መሆኑን፣ ታኒካ እንደሚሏት፣ ሜሮን ልትሆን መሆኑን ሐጂ ነገሯቸው። እሳቸውም "ገዳሪፍ ስመለስ ደውልልኝ። ልጅቱን ስጠኝ" አሉ።

ቅዳሜ

በመጣሁበት ተመለስኩ። አይከል ላይ ጃኬቴን ስለብስ ያ ብርድ እንደ ዘመድ አቀፈኝ። ብርቱካን ከሸሚዜ ነጠብጣብ ቀጥላ መርኩቡን አይታ "ማን ነው ይሄን ጀልባ ያጫማህ?" አለች። ታኒ ግን ሰላም እንኳን ሳትለኝ "ምን ማለት ነው?" አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ቃሉን፣ እናቲቱን፣ የምላሷን ነገር። በደንብ አዳመጠች። ከዚያ አፍንጫዋን ሰበሰበች። "እንደገና? እሱ ስም ነው? መምህሬ ስትጠይቀኝ ‘እንደገና’ ልበላት? ሜሮን ይሻለኛል።"

የማዳበሪያ ከረጢት ከነእህሉ እላዬ ላይ የወደቀ ያህል ደከመኝ።

እሑድ

ለሐጂ ደወልኩ። ሐጃ አምና ከሾዋክ ተመልሰው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነበሩ። ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስለነበር ሁላችንም እንሰማለን። ሐጃ አምና አማርኛ አያውቁም፤ በሱዳንኛ፣ እያዜሙ፣ "ኢንቲ ሚኑ?" አሉ።

"ማን ነሽ ነው የሚሉሽ" አልኳት።

"ታኒ" አለች ልጄ።

ሐጃ አምና እንደገና በዪው የተባሉ መስሏቸው ነው፤ ጮክ አድርገው ደገሙላት። "ኢንቲ ሚኑ?"

"ታኒ!"

"ኢንቲ ሚኑ?"

"ታኒ!"

"ኢንቲ ሚኑ?"

"ታኒ! ታኒ እኮ ነው!"

ብርቱካን ወጥ እያማሰለች ነበር፤ ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች። ልጅቱ ቀድማ ገባት። ዓይኗ በራ፣ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ሆን ብላ፣ በዜማ፣ "ታኒ" አለች። ሐጃ አምናም ያኔ ገባቸው። የሳቃቸው ድምፅ ስልኩን ሊሰብረው ደረሰ። ሳቃቸው ሲበርድ አሮጊቷ እንደገና በዜማ ጠየቁ፣ ልጄም መለሰች፤ ጠየቁ፣ መለሰች። የስልኩ ሒሳብ እስኪያልቅ ድረስ እኔም ብርቱካንም ለማቆም እጃችንን አላነሳንም። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄዳ መምህሯን ምን እንዳለቻት አልነገረችንም። ሜሮን የሚል ስም ግን ቤታችን ውስጥ ዳግመኛ አልተነሳም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሐጃ አምና ከካርቱም ሸሽተው የመጡ ዘመዶቻቸውን ይዘው ገዳሪፍ ናቸው። ኔትወርክ አንዳንድ ሳምንት አለ፣ አንዳንድ ሳምንት የለም። ሲገኝ ልጄ ስልኩን ከእጄ ትነጥቀኛለች። የአሮጊቷ ድምፅ ይመጣል፣ ይቆራረጣል፣ ይጠፋል። ልጄ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጭና "ታኒ! ታኒ!" እያለች ትጣራለች። ስሟን እየነገረቻቸው ይሁን፣ እንደገና በዪው እያለቻቸው ይሁን፣ እኔ አባቷ መለየት አልችልም። መስመሩ እስኪመለስ ግን ከቦታዋ አትነሳም።